ምራቴ ወደ መሪው የተመለሰች ሰሞን

ኅዳር 4
ዛሬ አንድ በር ጨረስኩ። ጉልበቴን ያመኛል። ሌላ የለም... እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ይጽፋል። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ጣውላ በዓይኔ እለካለሁ። ይኼም ይጻፍ።

ኅዳር 7
ምራቴ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ናት። የወሊድ ፈቃዷ ሰኞ ያልቃል። ካልገባች ቦታዋን ለሌላ ይሰጡባታል። እህቴ ይኼን ሰምታ መጣች።
"የአራት ወር ልጅ ጥለሽ? እንዴት ሆድሽ ቻለ?"
እኔም ለምራቴ ደገምኩላት፦ "ልጅ ያለ እናቱ አይሆንም፤ ሥራው ይቅርብሽ።" አንገቷን ደፋች።

ኅዳር 8
እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ሟች ሚስቴም ልብስ ሰፊ ነበረች። ይኼ የሚጽፈው ሲወለድ "በቃሽ" አልኳት። የስፌት መኪናዋን ጨርቅ አልብሳ ጥግ አቆመችው። ዕድሜ ልኳን የዚያን ጨርቅ አቧራ ስታራግፍ ኖረች። ምን ታስብ ነበር? አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም...
ልጄን ጠየቅኩት። "ሚስትህ በወለደች በስንተኛው ቀን ሥራ ገባህ?"
"በሦስተኛው።"
"እንዴት ሆድህ ቻለ ያለህ አለ?"
እርሳሱ ቆመ። ጻፍ እንጂ! ምን ታቆማለህ?

ኅዳር 10
ምራቴ ልትታጠብ ስትገባ ሕፃኑን ለእኔ ሰጠችኝ። አለቀሰ... ቤቱን አናጋው። ዘፈንኩለት፤ ባሰበት። ቢቸግረኝ የእንጨት ፍቅፋቂው የማይደርስበት ቦታ አስተኝቼው ሳንቃ ማለስለሻ መላጊያዬን አነሳሁ። ሽው... ሽው... ጸጥ! ስቆም ያለቅሳል፤ ስልግ ይተኛል። አንድ ወፍራም ሳንቃ እንደ ወረቀት ሳስቶ ቀረ። የደንበኛ ሳንቃ ነበር። ይሁን።
ምራቴን ጠራኋት።
"ሰኞ ግቢ። እስክትመለሺ እኔ አለሁ።"
"አባባ፣ ሰውስ ምን ይላል?"
"ሰው መጥቶ ጡጦ አይይዝልሽም።"

ኅዳር 12
ገባች። ተመስገን።

ኅዳር 19
እህቴ መጣች።
"እናቱስ?"
"መሪ ላይ።"
"ማን ያዘው ታዲያ?"
"ዓይን የለሽም?"
"በስተርጅና ሞግዚት ሆንክ?"
"ሆንኩ። ምን ጎደለኝ?"
ሳቀች። ቆይታ "የኔም ባል እንዲህ ቢሆን ኖሮ..." አለች። አልጨረሰችውም። ሕፃኑን ተቀብላኝ አቀፈችው።
ዛሬ ማታ የምትጽፈው ምራቴ ናት። የልጄ እጅ እርጥብ ነው፤ ሕፃኑን እያጠበ ነው። ሳሙና ዓይን ገብቶ ጩኸት በጩኸት ሆነናል... የሚጮኸው ልጄ ነው።
ምራቴ ወደ ኋላ ገልጣ አነበበች። "አባባ፣ ሥራው ይቅርብሽ ያሉኝም አለ። ልሰርዘው?"
አትሰርዢው። ከሥሩ "ተሳስቻለሁ" ብለሽ ጨምሪበት። በትልቁ ይሁን። ማንበብ ባልችልም ልየው።