ጫፉ ያልተቋጨው ቡልኮ

ማክሰኞ

ሦስተኛው ቀለም ያዘልኝ! ስፖንጁን አንስቼ ፊልሙን ስገልጠው ዓሣዎቹ ጠርዛቸው ሳይበላሽ ቁጭ ብለዋል። መጀመሪያ የእንሰት ቅጠሉን በፈዛዛ አረንጓዴ፣ በላዩ የዶርዜ ቤቱን በቡናማ፣ ከሁሉም በላይ የጫሞን ዓሣ በሰማያዊ። አንዱ በሌላው ውስጥ ይታያል። ለቅርጹ ማውጫ የተጠቀምኩት አሮጌ የራጅ ፊልም ነው፤ በምላጭ ሲቀደድ እንደ እሱ የሚታዘዝ የለም።

ጨርቁ ነው ያሳመረው። አቡጀዲ ላይ ቀለሙ ይፈሳል። ይሄ ግን ወፍራም ስለሆነ ጠጥቶ ዝም ይላል፤ ወደ ጀርባው እንኳ አልዘለቀም። ይሄ የምለው አባዬ ከጨንቻ በወንድሜ በዳዊት አስጭኖ በሚኒባስ የላከልኝን ነጭ ቡልኮ ነው። ከላከበት የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከላይ የነበረው የወትሮው ቁርጥራጭ ነው፤ ከሸማ የተረፈ፣ ጥለቱ የተበላሸ፣ «ለሥራሽ ይሁንሽ» እያለ የሚልክልኝ። ቡልኮው ከሥር ተጣጥፎ ነበር። ባወጣው ጥለት የለው፣ ጫፉ አልተቋጨ፣ ድሩ እንደተንጠለጠለ። አይ እርጅና! አልኩ። እጁ እየተንቀጠቀጠ መጨረስ ቢያቅተው ለእኔ ጣለልኝ ብዬ አዘንኩለት። አዝኜ ስጨርስ መቀሴን አነሳሁ።

እዚህ ሲቀላ ሰፈር ጎረቤቶቼ ሥራዬን «ድሪቶ» ነው የሚሉት። «ብርቄ፣ ድሪቶሽ ደረሰ ወይ?» ይላሉ። ለምጄዋለሁ። የድሮው ድሪቶ ያጣ ሰው የሚለብሰው ነው፤ የእኔው ግን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ይሄኛው ደግሞ ሰኞ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ሎጅ አዳራሽ ውስጥ ሊሰቀል ነው። የሎጁ ሰውዬ «ትልቁን ሥራሽን አምጪ» ብሎኛል። ካሬዎቹን ገጣጥሜ፣ ከጀርባ አቡጀዲ አልብሼ፣ የተንጠለጠለውን ድር ሸጉጬ ዙሪያውን በቀይ ሪባን ዘግቻለሁ። ዓሣዎቹን በስፌቱ ላይ አሻግሬ ያተምኳቸው ከዚያ በኋላ ነው። ቀለሙ ዕድሜ ልኩን እንዳይለቅ በካውያ ደህና አድርጌ ተኩሼዋለሁ። ደስ ብሎኛል። እናቴ ኖራ ባየችው አልኩ።

ወደ ማታ ዳዊት ደወለ። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ድንቹ አወራን። ሊዘጋ ሲል፣

«ነጩን ሳጥን ውስጥ አስገባሽው አይደል? እዚህ እርጥበትና አይጥ ይጨርሰዋል ብሎ እኮ ነው አንቺ ጋ የላከው» አለ።

«የቱን ነጭ?»

«ቡልኮውን ነዋ። የአባዬን መገነዣ።»

አስገብቼዋለሁ አልኩት። አዎ፣ አስገብቼዋለሁ።

ረቡዕ

እንቅልፍ የሚባል አልነበረም።

ማንም አልነገረኝም ልል አልችልም። ተነግሮኛል። ልጅ ሆኜ ከሽመናው ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ከጎረቤት ሽማግሌ ሲደክም አባዬን ነበር የሚለምኑት፤ እሱም ጥለት ሳያስገባ ይሸምንና ድሩን እንደተንጠለጠለ ቆርጦ ያወርደዋል። «ለምን አትቋጨውም?» ስለው «የሚቋጨው ለሚኖር ሰው ነው» ይለኝ ነበር። ጥለት የሌለው፣ ጫፉ ያልተቋጨ ቡልኮ ምን እንደሆነ የሌላ ሰው ልጅ ባታውቅ ይፈረድላታል። እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። እጄ ላይ ይዤ አየሁት፤ አይቼም የእሱን እጅ ናቅኩ።

ዳዊትም አለበት። ግን ምን ይበል? አባቱ ቆሞ እየሰማ «ይሄ የሞቱ ልብስ ነው» ብሎ ይላክልኝ? ታውቃለች ብሎ ነው። ሁሉም ሰው ታውቃለች ብሎ ነው።

ከተረፉት ካሬዎች ሰማያዊውን ቀድሜ የሞከርኩበትን ወስጄ ላስለቅቀው ታገልኩ። በሳሙና፤ ምንም። በሎሚ፤ ምንም። በረኪና አደረግኩበት፤ ሰማያዊው እንደ አመድ ሆነ፣ ጨርቁ ሳሳ፣ ጣቴ ሊበሳው ደረሰ። ትቼ ቁጭ አልኩ። በካውያ ስተኩሰው እንዴት እንደተጠነቀቅኩ ትዝ ይለኛል፤ አንዲት ጥግ እንዳታመልጠኝ ስል ነበር። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይላሉ። እኔ የምለቅመውም የለኝ።

አባዬ ሌላ ሊሸምን አይችልም። የሽመና ዕቃውን ከጉድጓዱ ነቅሎ አንስቶታል። የመጨረሻ ሥራው ይሄ ነበር ማለት ነው።

ሐሙስ

ለሰሚራ ነገርኳት። ሱቋ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ጨርቅና ክር ትሸጣለች፣ ቀለሙንም የምታስመጣልኝ እሷ ናት። ከደንበኛ ይልቅ እንደ ታናሽ እህት ነው የምታየኝ። ሰምታ ሰምታ አፏን በሻሿ ያዘች።

«አንቺ ልጅ! ወላሂ ጉድ ነው የሠራሽው» አለች። ከዚያ ነጋዴ ናትና መላ ማምጣት ጀመረች። «ሌላ ነጭ ቡልኮ ግዢ። ጫፉን ፍቺና ሳጥን ውስጥ አስገቢው። ሽማግሌው ዓይኑ ደክሟል ትይኛለሽ። እኛ ዘንድ ከፈኑ ነጭ ከሆነ፣ ንጹሕ ከሆነ በቃ፤ ማን እንደሸመነው ማን ይጠይቃል?»

ዓይኑ ቢደክም ጣቱ አልደከመም አልኳት። «በዚያን ጊዜ በጣቱ አይነካውማ» አለች፤ ወዲያው ደግሞ «አስተግፊሩላህ» ብላ አንገቷን ደፋች።

ክፉ ምክር መሆኑን እያወቅኩ ልቤ ቀለል አለው። አብረን ከዶርዜ ወርደው ከሚሸጡት ዘንድ ሄድን። አንዱን ገልብጬ፣ ሌላውን ለውጬ፣ በመጨረሻ የሚመሳሰል አገኘሁ። ጥለቷ ቀጭን ናት፤ ተፈታ ትወጣለች። ቤት አምጥቼ ጥለቱን እየመዘዝኩ አመሸሁ። እጄ ጎበዝ ነው፤ ለማበላሸትም ለማታለልም አይሰንፍም። አባዬ ሳያውቅ ይኖራል፣ እኔ እያወቅኩ እኖራለሁ፤ ይሄን ያህል ብችለው ምን አለበት? ብዬ ጻፍኩና መልሼ ሳነበው አፈርኩ። አልሰርዘውም፤ ይቀመጥ።

ዓርብ

ጠዋት ለዳዊት ደወልኩ። እንዲያው ለወሬ አስመስዬ፣ የአባዬ ቡልኮ ፈትሉ ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት። ማወቅ የፈለግኩት የገዛሁት እንዳይለይ ነበር። ይሄን ያህል ወርጄ ነበር።

«የእማዬ ነው እንጂ» አለኝ። «አታውቂም እንዴ? ታማ ሳለች የፈተለችው። ቁጭ ማለት ሲያቅታት እንኳ በጎኗ ተጋድማ እንዝርቷን ታሾር ነበር። አባዬ ለማንም አልሸጥም ብሎ አስቀምጦት ኖረ። አምና ነው ያወጣው። ድሩም ማጉም የእሷ ነው።»

ስልኩን ይዤ ቀረሁ። «ብርቄ? አለሽ?» ይላል። ተናገርኩ። ቆርጬዋለሁ፣ ቀብቼዋለሁ፣ ማክሰኞ ዋሽቼሃለሁ፣ ሌላ ገዝቼ ላታልል ነበር አልኩት። ዳዊት ከድሮም ሲናደድ አይጮህም፤ ዝም ነው የሚለው።  ቆይቶ «እኔ አልነግረውም። ራስሽ ነይ» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ሥራ የሚባል አልነካሁም። ድሪቶውን አልጋው ላይ ዘርግቼ አየሁት። የሚያሳፍረው እኮ ማማሩ ነው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ያሳመረው የእናቴ ፈትል ነው። እኔ ግን የእጄ ጥበብ መስሎኝ ኮራሁ። እናቴ ኖራ ባየችው አልኩ! እሷው ራሷ ከፊቴ ተዘርግታ እኔ ስቆርጣት ዋልኩ።

የፈራሁት ቁጣውን አይደለም። ሞት ቀድሞኝ ቢመጣ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ቢደክም፣ ምን ይለብሳል? ከእማዬ ጋር መሄድ ፈልጎ ነው እኮ የሸመነው።

ቅዳሜ

በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። ማዳበሪያውን ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው አለኝ፤ እምቢ ብዬ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። ወደ ጨንቻ ከሚያወጣው መታጠፊያ በላይ ጉም ነበር። ብርዱን ረስቼው ኖሬያለሁ።

አባዬ ቤት ውስጥ ከሽመናው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጧል። የሽመና ዕቃው ተነስቷል፤ እሱ ግን እንደ ልማዱ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰዷል። በድምፄ አወቀኝ። ምን አደከመሽ በዚህ ብርድ አለኝ። ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ «አባዬ፣ ቡልኮውን ቆርጬዋለሁ» አልኩት። በቋንቋችን ሲነገር ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል።

 እጁን ዘረጋ። ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

ጣቱ መጀመሪያ ያገኘው ዙሪያውን ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» ሪባን ነው አልኩት። ገለበጠው። «ይሄስ?» አቡጀዲ። «የፋብሪካ» አለ፤ ሰው ሲሰድብ እንደሚለው አድርጎ። ከዚያ ወደ ፊቱ መለሰውና ቀለሙ የደረቀበትን ይዳስስ ጀመር። ስፌቱን አንድ በአንድ ተከተለው፤ የት የት እንደቆረጥኩት በጣቱ አየው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ቢጮህብኝ በወደድኩ።

«ምን ቀባሽበት?»

ሌባ ጣቱን ይዤ መራሁት። ይሄ እንሰት ነው አልኩት። ይሄ ቤት ነው፤ የእኛን ቤት አስቤ ነው፣ ከበሩ በላይ የሚወጣውን አፍንጫውን እንኳ አውጥቼለታለሁ። ይሄ ደግሞ ዓሣ ነው።

«ዓሣ?»

«ዓሣ።»

«እኔ ዓሣ በልቼ አላውቅም» አለ።

ከበሩ አጠገብ ቆሞ የነበረው ዳዊት ሳቁ አመለጠው። እኔ አልሳቅኩም፤ አለቀስኩ። የገዛሁትንም አውጥቼ ሰጠሁት፤ ሁሉን ልናገር ብዬ የመጣሁ ነኝና ለምን እንደገዛሁትም ነገርኩት። በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ለዳዊት አቀበለው። «ለብርድ ይሆንሃል» አለው።

 ድሪቶውን ከጉልበቱ አላወረደውም። እናትሽ ይሄን ስትፈትል ስታጠብቀው እጇ ይዝል ነበርና አንዳንድ ቦታ ወፍራም ነው፣ ብትፈልጊ ታገኚዋለሽ አለኝ። 

ልሄድ ስነሳ ነው የተናገረው። «ሪባኑን ፍቺው። የፋብሪካውንም ጨርቅ አውጪው፣ እሱ አይነካኝም። ከጀርባው ነጩ አልተበላሸም አይደል? ነጩ ወደ ውጭ ይሁን፣ ሰው ነጩን ይየው። የቀባሽው ወደ እኔ ይዙር።»

«አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ዓሣው በራስጌ እንዳይሆን» አለኝ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ለሎጁ ሰውዬ ደወልኩ። ትልቁ ሥራ አይመጣም፣ ባለቤት አለው አልኩት። ተሽጦ ነው? አለ። አይደለም አልኩ። ተበሳጨ። ሌላ ጊዜ ይጠራኝ አይጠራኝ አላውቅም።

ከዚያ መፍታት ጀመርኩ። በስፌት መኪና የተሰፋ ነገር መፍታት ከመስፋቱ ይብሳል፤ ደግሞ አጥብቄ ነው የሰፋሁት። ሪባኑን አወጣሁ። አቡጀዲውን አወጣሁ። መልሼ በነጩ በኩል ዘረጋሁት። ስፌቱ ይታያል፣ መስመር መስመር ሆኖ፤ የማይታይ ላደርገው አልችልም። ቀለሙ ግን እውነትም አልዘለቀም። አባዬ እንዳለኝ ፈለግኩና ክሩ ወፈር ያለበትን አገኘሁ፤ አንድ ቦታ ሳይሆን ብዙ ቦታ። ስቀባ ስተኩስ ከርሜ አንዱንም አላየሁትም ነበር።

ሰሚራ መጥታ ከበሩ ቆማ አየችኝ። ጫማዋን አውልቃ ገባችና በሌላው ጫፍ የቀረውን የስፌት ክር መልቀም ያዘች። ስለ ሐሙሱ ምክሯ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁባትም። አንድ ጊዜ ብቻ ዓሣዎቹን ገልጣ አየችና «እኔ ግን ወድጄው ነበር» አለች።

ይቅር ብሎኛል? አላለኝም። አልረገመኝምም። ሰው በበደለው ሰው እጅ የተሠራውን ወደ ገላው ያዞራል ወይ? እያልኩ ስጠይቅ ዋልኩ። ደስ ልበል ወይስ ልዘን አላውቅም። ሁለቱንም እየሆንኩ ነው።

በሪባኑ ውስጥ የተሸጎጠው ድር ተጨማዶ ነበር። ውሃ አርከፍክፌ በጣቴ አቃናሁት። እጄ ልማድ ሆኖበት ሁለቱን ክር ይዞ ሊቋጭ ጀምሮ ነበር፤ ለቀቅኩት። እንደተንጠለጠለ ተውኩት። ዓሣዎቹን በግርጌ በኩል አድርጌ፣ ነጩን ወደ ላይ አጥፌ፣ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጬ ቆለፍኩት።

ከዚያ ለዳዊት ደወልኩ። «ነጩን ሳጥን ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ለአባዬ ንገርልኝ» አልኩት። ዛሬ እውነቴን ነው። ብዙ ዓመት እዚያው ይክረም።