በአርቪ ፓርክ መርዶ ስጠብቅ

ማክሰኞ

ስልኬ የለም። ቦርሳዬን ሁለቴ ገለበጥኩት። ቁልፍ፣ የከንፈር ቅባት፣ የድሮ የስልክ ካርድ፣ የጠወለገ ሎሚ። ስልክ የለም። ግርማ «ቤት ረስተሽው ነው» ይላል። እኔ ስልኬን ረስቼ አላውቅም። ሽንት ቤት እንኳ ይዤው ነው የምገባው።

ይሄ ባሌ ደግሞ ምን እንደነካው እንጃ። ከተጋባን ጀምሮ «ቬኬሽን» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሎስ አንጀለስ ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ይውላል፣ ኦፍ ሲሆን ይተኛል፣ በቃ። እሁድ ድንገት ብድግ ብሎ «ስንድዬ፣ አርቪ ይዘን ወጣ እንበል» አለኝ። አርቪው የጋሼ ወርቁ ነው። ጋሼ ወርቁ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ነድተው፣ ጡረታ ሲወጡ ሃምሳውንም ስቴት አያለሁ ብለው የገዙት መኪና ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ግን ከኖርዝ ሆሊውድ ደጃቸው ሳይነቃነቅ ድመት ወለደችበት። ሥራዬስ ብዬ ብጠይቀው፣ ለካ ከምሠራበት ሬስቶራንት እሱው ፈቃድ ጠይቆልኛል! አሠሪዬ አቅፋ ስትሸኘኝ «አይዞሽ» አለችኝ። ቬኬሽን የሚሄድ ሰው አይዞሽ ይባላል?

ነገር አለ።

ፖሞና የምትባል ከተማ አጠገብ ነው የምናድረው። ፓርክ ይሉታል እንጂ የመኪና ሰፈር ነው። አንዳንዱ አርቪ የከተማ አውቶቡስ ያህላል፤ ከኋላው ደግሞ ትንሽ መኪና አስሮ ይጎትታል። ወደ ማታ አንዲት ሴትዮ በመኝታ ልብሷ አሳማ በገመድ እየሳበች አለፈች። አሳማ! ሪባን ያሰረ! «ሃይ» አለችኝ፣ «ሃይ» አልኩና አማተብኩ። ግርማ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸና ጀርባውን ሰጥቶኝ ራቅ ብሎ ሄደ። ስልክ ሲያወራ ከእኔ ርቆ አያውቅም ነበር።

ረቡዕ

የነቃሁት በለቅሶ ነው። የሴት ዋይታ። በባዶ እግሬ ሮጬ ወጣሁ። ጣዎስ ነው! ሦስት ጣዎሶች የጎረቤት አርቪ ጣሪያ ላይ ወጥተው እንደ አልቃሽ ይቀባበላሉ። ሰዉ ኩባያውን እንደያዘ ፎቶ ያነሳል። እኔ ወደ አርቪው ተመልሼ ደብተሬን አወጣሁ።

ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት አልችለውም። አባዬ ሞተው ይሆናል ብዬ ፈርቻለሁ።

ደብረ ብርሃን፣ ወንድሜ ተሾመ ቤት ነው ያሉት። ሰማንያን አልፈዋል፤ ዘንድሮ ሳሉ አልተዋቸውም። እዚህ ላመጣቸው ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም ቪዛ ተከለከሉ። በሁለተኛው ጊዜ እህል አልወርድ ብሎኝ ከሰውነት ተራ ወጥቼ ነበር፤ ግርማ በማንኪያ ነው ያጎረሰኝ። ከዚያ ወዲህ የቪዛ ነገር በቤታችን አይነሳም።

እኔ ደግሞ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አላውቅም እንዴ? ስንቱን ደብቄያለሁ ራሴ! የሐዘንተኛውን ስልክ ይሰውራሉ። ከሰው ያርቁታል። አብልተው አጠጥተው ያጠነክሩታል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ። ሐበሻው ሰፈር፣ ፌርፋክስ ብውል አንዱን አፉን ያዳልጠዋል። ስለዚህ ፖሞና አመጡኝ።

ግርማ ዛሬ ሽንኩርት ከትፎ ምስር ሠራ። ግርማ! «ብዪ እንጂ ስንድዬ፣ አንድ ጉርሻ፣ በሞቴ።» በላሁ፣ ምን ላድርግ። ጨው በዝቶበታል።

ሐሙስ

ውቅያኖሱ ዳር ወዳለ ሌላ ፓርክ ተዛወርን። ከመነሳታችን በፊት ግርማ የአርቪውን ሽንት ቤት ቱቦ ሳያጠብቅ ከፈተውና ጫማው ላይ ተደፋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳምንቱን ሙሉ እስቅበት ነበር። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጓንት ይዞ መጣና አስተማረው፤ ሌሎቹም ተሰበሰቡ። ትልልቅ ወንዶች ስለ ፍሳሽ ቱቦ እንዲህ በክብር ሲወያዩ አይቼ አላውቅም፤ የአስታራቂ ጉባኤ ነው የሚመስሉት።

አዲሷ ጎረቤታችን ዶና ትባላለች። አሮጊት ናት፣ አርቪዋን ብቻዋን ትነዳለች። ብቻዬን አይደለሁም ትላለች እሷ፤ ባሏን ጋቢና አስቀምጣዋለች። የተቃጠለ አስከሬኑን አመድ! በቆርቆሮ፣ በቀበቶ ታስሮ። «ፍራንክን ሰላም በዪው» አለችኝ። «ሃይ ፍራንክ» አልኩ፣ ጉዴን ማን አየ። ሞቱን እንዴት ሰማሽ አልኳት። ሱፐርማርኬት ሰልፍ ላይ ቆማ ከሆስፒታል ደውለው ነገሯት። የያዘችውን እንቁላል ከፍላ ወጣች። እንዴት ያለ ጭካኔ ነው አልኩ በሆዴ። ቆይቼ ግን ቀናሁባት። እሷስ አወቀች።

ስልኳን ለምኜ በካርዴ ለተሾመ ደወልኩ። እዚህ ቀትር ነው፣ እዚያ ከምሽቱ አራት ሰዓት። አባዬን አገናኘኝ ስለው «ወጣ ብለዋል» አለኝ። ከምሽቱ አራት ሰዓት! የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ በደብረ ብርሃን ብርድ ወዴት ነው ወጣ የሚሉት? ጭፈራ ቤት? «አይሰማም፣ አይሰማም» ብሎ ዘጋው። እኔ ግን እሱን ጥርት አድርጌ ነበር የምሰማው።

ከሰዓት ግርማ አሸዋው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ በስልክ ሲያወራ፣ ነፋሱ ድምፁን ወደ እኔ አመጣው። «እንግዲህ እስኪደርሱ እንጠብቃለን፣ ምን ይደረጋል። እሷ? እየጠረጠረች ነው።»

እነማን ናቸው የሚደርሱት? የሲያትል ዘመዶቼ ይሆናሉ። ዘመድ ሳይሰበሰብ መርዶ አይነገርም።

ወይኔ አባዬ።

ዓርብ

ጠዋት ሰዉ ሁሉ በየመኝታ ልብሱ ወደ ውሃው ሲሮጥ ተከትዬ ሮጥኩ። ዓሣ ነባሪ! ጥቁር ጀርባዋ ብቅ አለ፣ እፍ ብላ ውሃ ወደ ላይ ተፋች። አጠገቧ ግልገሏ። ዶና እጄን ያዘችኝ። ሰዉ ያጨበጭባል። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት «ለአባዬ ስነግራቸው አያምኑኝም» ብዬ ነው። ከዚያ ትዝ አለኝና እዚያው አሸዋው ላይ ተቀምጬ አነባሁ። ዶና በዓሣዋ ደስ ብሎኝ መስሏት ጀርባዬን አሸችኝ።

ብርድ ልብስ ስፈልግ የአርቪውን መቀመጫ ክዳን ከፈትኩ። የወረቀት ሳህን ክምር። ኩባያ። ውሃ በካርቶን። ታጣፊ ወንበሮች። ለሁለት ሰው? ይሄ እኮ የለቅሶ ቤት ዕቃ ነው!

እንደገና ደወልኩ። የተሾመ ሚስት አነሳችው። «አባባ ተኝተዋል፣ ልቀስቅሳቸው እንዴ?» አለች። ቀስቅሻቸው ስላት ደግሞ «አይ፣ ይተኙ፣ ደክሟቸዋል» አለች። ትናንት ወጡ፣ ዛሬ ተኙ። ውሸቱን እንኳ አልተመካከሩበትም።

ግርማን ፊት ለፊት ያዝኩት። «አባቴ ሞተዋል?» አልኩት። «ምን ታሟርቻለሽ!» አለና ወጥቶ ሄደ። ዓይኔን አላየኝም። ይሄ ሰው መዋሸት አይችልም፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ሲመለስ ጋሼ ወርቁ ነገ የመኪናውን ሞተር ሊያዩ ይመጣሉ አለኝ። ከሚስታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር። እትዬ አስካለ ስለ ሞተር ምን ያውቃሉ? ስንት ሰዓት አልኩት። «ማለዳ» አለ።

አለቀ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ጥቁር ቀሚስ አልያዝኩም። ጥቁር ሱሪ አለኝ። ታጥቤ እሱን ለበስኩ፣ ነጠላዬን አጠገቤ አደረግሁ። ግርማ አየኝና ስልኩን ይዞ ወጣ። ልቤ ከአሁኑ ደክሟል፣ እነሱ ሲመጡ ምን ይቀረኛል?

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ጎህ ሲቀድ አርቪው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከባህሩ ጭጋግ ተነስቷል። ሁለት መኪና ቀስ እያለ ገባ። ከፊተኛው ጋሼ ወርቁ ጋቢ ደርበው ወረዱ፣ ከዚያ እትዬ አስካለ በነጭ ነጠላ፣ ከኋለኛው አሠሪዬ። ግርማ ትከሻዬን ይዞ «ስንዱ፣ ረጋ በዪ» አለኝ።

ረጋ በዪ! ሌላ ምን ቀረ? ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ጮህኩ። ደረቴን መታሁ። ሙሾ አውጥቼ አላውቅም፣ ሌላዋ ስታወጣ ተቀብዬ አለቅሳለሁ እንጂ። ዛሬ ከየት እንደመጣ እንጃ፦

ኮቱን ለእኔ አውልቆ ውርጭ የለበሰው፣
ዛሬ አፈር ሲጫነው ማን ኮት አለበሰው?

ሰዉ ከየአርቪው ወጣ። ዶና በባዶ እግሯ መጣች። እነ ጋሼ ወርቁ «ኧረ ስንዱ! ኧረ ተይ!» ይላሉ፤ ለቅሶ ቤት ሁሌም እንደዚያ ነው የሚባለው፣ ማን ይሰማቸዋል። መሃል ላይ አንድ ሽማግሌ ከመኪናው ወርዶ «ወይኔ ልጄን! ወይኔ!» እያለ ከእኔ ጋር ማልቀስ ጀመረ። ማን ነው እንዲህ አንጀት በሚበላ ድምፅ የሚያለቅስልኝ ብዬ ቀና አልኩ።

አባዬ ናቸው።

ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እንባቸው በሪዛቸው ላይ እየወረደ። «ማን ሞተ ልጄ? ማን ሞተብን?» አሉኝ።

«እርስዎ!» አልኳቸው።

ራሳቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ። «እኔን ያመለጠኝ አውሮፕላን ነው እንጂ ነፍሴ አላመለጠችኝም» አሉ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ በቅጡ አላስታውስም። እግራቸው ላይ ወድቄ ሱሪያቸውን ይዤ ነበር፣ አለቅ ብዬ።

ለካ ግርማና ተሾመ በስውር ለሦስተኛ ጊዜ ቪዛውን ጠይቀዋል። ሲሰጣቸው ግርማ ማለ፤ እግራቸው የሎስ አንጀለስን መሬት ሳይረግጥ ለስንዱ አይነገርም፣ ደግማ ተስፋ ቆርጣ አላያትም አለ። ፌርፋክስ ግን ሁሉም ሰምቷል። ስለዚህ ስልኬን ከቦርሳዬ አውጥቶ እኔን ይዞ ጠፋ። ሐሙስ ይገቡ ነበር፤ መንገድ ላይ አውሮፕላን ሲያመልጣቸው እዚህ ከረምን። ሳህኑና ወንበሩ ለደስታው ነበር።

አባዬን ለቅቄ ግርማን ያዝኩ። «ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ፣ ነጭ ነጠላ! አንተ የማን አገር ሰው ነህ? አንድ እንኳ አሳቢ ጠፋ?» ግርማ «አውሮፕላኑ የገባው ሌሊት ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» ይላል። ጋሼ ወርቁ «እኔ በርዶኝ ነው ጋቢ የደረብኩት» ይላሉ። የግርማን ደረት ደበደብኩ፣ ከዚያ ሳምኩት፣ ከዚያ እንደገና ደበደብኩት። የፓርኩ ማናጀር ጩኸት ምንድን ነው ብሎ ሲመጣ ዶና ቀድማኝ «አባቷ ከሞት ተነስቷል» አለችው። ሰውየው አባዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ድምፅ ቀንሱ ብሎ ተመለሰ።

ቀኑን በላን፣ ጠጣን። ሳህኑ ሁሉ አለቀ። ሁሉም ሄደው አሁን አባዬ አርቪው አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል። ቅድም ጠሩኝና «ያቺን የኮቱን ነገር ድገሚልኝ» አሉኝ። አፈርኩ። በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ አይደገምም፣ ሟርት ነው አልኳቸው።

«ታዲያ መቼ ልሰማው ነው?» አሉኝ።

በቤታችን እኮ እንዲህ ያለ ነገር የሚነገረው ድንኳን ተተክሎ ነው። ግርማን ውጣልኝ አልኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በተራ አማርኛ፣ ያለ ዜማ፣ ቀና ብዬ ሳላያቸው ነገርኳቸው። ትምህርት ቤት ሲያደርሱኝ ኮታቸውን አውልቀው እንደደረቡልኝ፣ እጅጌው መሬት ይጎተት እንደነበር፣ እሳቸው በሸሚዝ ብቻ ያን ሁሉ መንገድ ሲመለሱ በመስኮት አያቸው እንደነበር። እንደምወዳቸውም ነገርኳቸው። ሌላም ሌላም ተናገርኩ፣ አንዴ ተከፍቶ የለ።

ስጨርስ ቀና አልኩ። አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ከየት ላይ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ይተነፍሳሉ። ሲነቁ ከመጀመሪያው እነግራቸዋለሁ።