በስምንት ሰዓት ስለወደቀችው እጩ ኮማንዶ

ይድረስ ለኮማንዶ እጩዎች የሥነ ባህርይ አጥኚ ቡድን መሪ፣ ለክቡር ዶክተር፤
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣ ከነባልደረቦችዎ፣ ከነድምፅ ማጉያዎ አላህ ጤናውን ያብዛልዎ። ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ፣ በድሬዳዋ ለኮማንዶነት የሚበቃን ሰው በዓይኑ አይቶ የሚለይ ብቸኛው ሰው ነው። ብቸኛው እንኳ ባልሆን፣ ፈታኞችዎን ከሳቢያን ሰፈር እስከ ፈተናው አዳራሽ በባጃጅ ያመላለስኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ከኋላ ወንበር የሚወራውን ሳይንስ በሙሉ ሰምቻለሁ። የማታ ትምህርቴንም ዘንድሮ ስለጨረስኩ፣ የለጠፉትን ውጤት ያለ አስነባቢ አንብቤዋለሁ። የእህቴ ልጅ ዐያን ወድቃለች፤ ምክንያቱም «በፈተና ላይ ተኝታለች፣ ዝግጁነት ይጎድላታል» ይላል። ስለ ግልጽነትዎ እያመሰገንኩ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ መቀመጥ ስላቃተኝ የምጽፈው ቆሜ ነው።

፩ኛ. ሰዓቱን በተመለከተ። እጩዎቹን በቆርቆሮ አዳራሽ አስቀምጠው «ጠብቁ» ብቻ ብለው የሄዱት፣ ማን እንደሚቁነጠነጥ ለማየት ነበር። ብልሃትዎ ይደነቃል። ነገር ግን ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ነበር። በስምንት ሰዓት ድሬ ትተኛለች፤ ባለሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ የቀፊራ ገበያዋ ነጋዴ ሽንኩርቷን ሸፍና ጋደም ይላሉ፤ እኔ ራሴ ተሳፋሪ ቢለምነኝ አልነሳም። የሰውን ባህርይ ሊያጠኑ ከሩቅ መጥተው የከተማውን እንቅልፍ ሳያዩ ማለፍዎ ከሥራ ብዛት እንደሆነ እረዳለሁ።

፪ኛ. ጩኸቱን በተመለከተ። በድንገት በድምፅ ማጉያዎ የተኩስ ድምፅ ሲለቁባቸው ዐያን እንዳቀረቀረች እንቅልፏን ቀጠለች። ልጅቷ ሦስት ዓመት ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፍታለች፤ የምሳ እረፍቷን የምትተኛው በሚጮሁ ማሽኖች መሃል ነው። የጎረቤታችን ልጅ ጦልሃ ግን በመጀመሪያው ተኩስ በመስኮት ዘሎ፣ ውጭ የቆመው ባጃጄ ውስጥ ገብቶ «ንዳው! ንዳው!» ብሎኛል። እሱን «ፈጣን ውሳኔ ሰጪ» ብለው አሳልፈውታል። እናቱ እስካሁን እልል ትላለች፤ እሱ ግን እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

፫ኛ. ልፋቷን በተመለከተ። በየንጋቱ ከፈረቃዋ በፊት እኔ በባጃጅ፣ እሷ በእግሯ ዳገቱን እንወጣ ነበር። ባጃጄ ሲለግም ከነእኔ ገፍታ ታወጣናለች። ይህን የሚለካ መሣሪያ ስለሌለዎ አልፈርድብዎትም። ችግሩ፣ በሚመጣው ዓመት ዕድሜዋ ከገደቡ ያልፋል፤ የተመረጡትን የሚወስደው መኪና ደግሞ የፊታችን እሁድ ይነሳል።

በሰፈር «ኮማንዶ፣ ተነሺ፣ ነግቷል!» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷማ ምንም አልመሰላትም፤ «ተወው አብቲ፣ ድሮም ለቀልድ ነው የተመዘገብኩት» ብላኝ ከት ብላ ስቃለች። የሚቁነጠነጠው አብቲዋ፣ ማለትም አጎቷ፣ እኔ ነኝ። ስለዚህ ከእሁድ በፊት በአንዱ ጠዋት፣ ድምፅ ማጉያዎን እስኪበቃዎ ከፍተው፣ እንደገና እንዲፈትኗት በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ማመላለሻው በነፃ ነው፤ ጦልሃ ቀድሞ ካልተሳፈረ።

ለጥናትዎ መስፋት፣ ለወንበርዎም መመቸት ዘወትር ዱዓ የሚያደርግልዎ፣ መልስዎን ሞተሩን ሳያጠፋ የሚጠብቅ፣
ዋበሪ ዒጋል፣ ባለባጃጅ

ማሳሰቢያ፦ ከላይ አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ። ስቃለች ያልኩት፣ ለቀልድ ነው አለች ያልኩትም ከራሴ ነው። ውጤቱ ከተለጠፈ ወዲህ ከተማው በሙሉ ሲተኛ፣ እሷ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ትውላለች። በተኩስ ድምፅ ያላነቋትን ልጅ በአንድ ወረቀት አነቋት፤ አሁንስ ዝግጁ አይደለችም ይበሉ!