የበኩር ልጅ ምሰሶ

ዶዮገና፣ ነሐሴ 10

ለውድ ወንድሜ ለነህምያ፣

ደቡብ አፍሪካ በየትኛው ከተማ እንዳለህ ባላውቅም የጌታ ሰላም ባለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን። ስልክህ ስለማይሠራ ደብዳቤውን ወደዚያ ለሚሄድ ሰው እሰጠዋለሁ።

ለነደፍክልን ቤት ቀርከሃው ከተዘጋጀ ቆየ። ጣሪያው እንደ እንሰት ቅጠል ጎድጉዶ ዝናቡን እንዲያወርድ ስለሳልከው ጎረቤታችን ጋሽ ሽብሩ፣ «ልጅህ እንሰት ሥር ሊያሳድርህ ነው እንዴ?» እያለ አባዬን ያበሽቀው ነበር። አባዬም፣ «እንሰትን ዝናብ መቼ አፍርሶት ያውቃል?» ይለዋል።

በቤታችን ልማድ የመሃሉን ምሰሶ የሚተክለው የበኩር ልጅ ስለሆነ፣ ጉድጓዱ አንተን ሲጠብቅ ሁለት ክረምት ውሃ አቆረ። አናጺዎቹ «ታናሹ ይትከለው» ሲሉ አባዬ ይቆጣ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ገና ሳይነጋ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ስለ አንተ ከአባዬ ጋር ብዙ ተነጋገሩ። ከዚያ አባዬ ወጣና ታናሻችንን ሶፎንያስን፣ «ና፣ አንተ ትከለው» አለው። ማንም አልተከራከረም። ጋሽ ሽብሩም አልቀለደም። እማዬ ምሰሶውን እስካሁን ወጥታ አላየችም።

እኔ ግን አፈሩን አጥብቆ እንዳይጠቀጥቀው ለሶፎንያስ ነግሬዋለሁ። ስትመጣ ነቅለህ እንደገና ትተክለዋለህ።

ጌታ ባለህበት ይጠብቅህ።

እህትህ ሐዳሳ