ሐጃ የበሉት ፍትፍት

እሁድ፣ ኅዳር 12 ቀን 2003፣ ጅዳ

ሱብሐነላህ! እጄ አሁንም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።

ማዳም ጠዋት የጣሊያን ነው ብላ አንድ ምግብ አሳየችኝ። የተጠበሰ ዳቦ ላይ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ስፈገፍግ ሽንኩርቱ እንደ ሳሙና እያለቀ ዳቦው ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። "ቲማቲሙን በወይራ ዘይትና በበሶብላ ለውሰሽ ጠብቂኝ፤ እንግዶቼ ሲመጡ ዳቦው ላይ እናደርገዋለን" ብላኝ ወደ ባላድ ገበያ ወጣች።

እኔ ግን ቲማቲምና ዳቦ አንድ ላይ ሳይ እጄ ወሎ ገባ። ሳላስበው ያን ሁሉ ዳቦ ቆራርሼ ቲማቲሙ ውስጥ ፈተፈትኩት። ልብ ስል ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ፍትፍት! ኻላስ፣ አለቀልኝ፣ ዛሬ ወዳመጣኝ መክተብ፣ ወደ ኤጀንሲው፣ ትመልሰኛለች አልኩ።

ይህን ጊዜ የማዳም እናት፣ ሐጃ፣ በምርኩዛቸው ማድ ቤት ገቡ። ከመካ ከተመለሱ ሦስት ቀናቸው ነው። ጥርስ የላቸውም፤ ድካሙም ጥሏቸው ከሻይ በቀር አፋቸው ምንም አልነካም። ጎንበስ ብለው አሸተቱ። "ቢስሚላህ" አሉና በእጃቸው ጎረሱ። ደገሙ። ወንበር ስበው ተቀመጡና ሳህኑን እስኪያብረቀርቅ ጠረጉት። እኔ ቆሜ ማየት ብቻ።

ማዳም ስትገባ ባዶውን ሳህን አየች፣ ቀጥላ እናቷን አየች። ዳቦውን ፈትፍቼ እንዳበላሸሁት ነግሬያት ጩኸቷን ስጠብቅ ዓይኗ እንባ ሞላ። እንግዶቿንም ረሳች።

"ነገም እንዲሁ አበላሺልኝ" አለችኝ።