ከነመድኃኒቱ ይባልልን

ዓለም ጤና፣ ሐምሌ 1978

ውድ ዘርፉ፣

የክሊኒካችን ብቸኛ ቴርሞሜትር በድንገተኛ የመውደቅ አደጋ ከመካከላችን መለየቱን የምገልጽልሽ በጥልቅ ሐዘን ነው። ከእንግዲህ ትኩሳት የምንለካው በእጃችን ጀርባ ነው።

አውቅሻለሁ፤ «ሸዋወርቅ በቀልድ ከጀመረች የደበቀችው ነገር አለ» ብለሽ ደብዳቤውን ከታች ወደ ላይ ታነቢያለሽ። እባክሽ በተራው አንብቢ። ባልሽ መርዳሳ ትናንት ናዝሬት ተወስዷል። አልተመለሰም።

ነገሩ የመጣው በሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ነው። የጤና ሠራተኛው አስተያየት ይስጥ ተባለና ጓድ ሰብስቤ የሚባል ካድሬ ከናዝሬት መጣልን። አንቺ ወደ አርሲ ነገሌ ክሊኒክ ከተዛወርሽ ወዲህ ልማዳችን አልተለወጠም፤ ተናጋሪ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር እናጨበጭባለን። ተረኛ ሆና ያደረችው በላይነሽማ ተኝታለች፤ የሚሠራው እጇ ብቻ ነው።

ስለ ጤና የሚለው ሲነበብ መርዳሳ እጁን አወጣ። 

«ጓድ፣ ሰው የመታከም መብት አለው መባሉ ጥሩ ነው። ከነመድኃኒቱ ይባልልን።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«በሽተኛው መብቱን ይዞ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ክሎሮኪን የለም ብለን ከነመብቱ እንመልሰዋለን። ወባ እንደሆነች ረቂቅ አታነብ!»

ይህን ብሎ ትንፋሽ ወሰደ። ጉዱ ያኔ መጣ። በላይነሽ አጨበጨበች። እሷ ከጀመረች ማን ይቀራል? ቤቱ ተናጋ። ጓድ ሰብስቤ እንኳ ሳያስበው አብሮን አጨበጨበና እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሰበሰበ።

«ስምህን ማን አልከኝ?» አለው።

ከዚያ ወዲህ እርስ በርስ እንኳን አናወራም። ሁላችንም አጨብጭበናላ! ትናንት የጓድ ሰብስቤ ላንድሮቨር በራችን ላይ ሲቆም ቴርሞሜትሩ ከእጄ ወደቀ። መርዳሳ ጋዋኑን አውልቆ ሰጠኝና «ለዘርፉ እንዳትጽፊ፣ ትደነግጣለች» ብሎኝ መኪናው ውስጥ ገባ። ይኸው ጻፍኩ። ሻሸመኔ ያለው ወንድምሽ ሰው ካወቀ ቶሎ ያነጋግርልን። ጋዋኑን አጥቤ ሰቅዬዋለሁ፤ ራሱ መጥቶ እስኪያወርደው ማንም አይነካውም።

የምትወድሽ
ሸዋወርቅ

እርማት፦ ከላይ «አልተመለሰም» የተባለው «ተመልሷል» ተብሎ ይነበብ። ከታች ጀምረሽ ከሆነ እሰየው። ደብዳቤውን ሳላሽገው ከተፍ አለ። ለካ የጓድ ሰብስቤ ልጅ ወባ ይዟት፣ አባትየው በሄደበት ሁሉ «መድኃኒት የለም» ተብሎ፣ «የሌለበትን የሚያውቅ ያለበትንም አያጣም» ሲል ነው ባልሽን የወሰደው። አብረው ከተማውን ሲያስሱ ውለው አድረው አጡ። መርዳሳ በመጨረሻ «ሚስቴ ዘንድ አይጠፋም» ብሎልሻል። ይህን የሚያደርስልሽ የካድሬው ሾፌር ነው፤ እንዳያነበው አጥብቄ አሽጌዋለሁ። ልጅቷን እኛ ዘንድ አምጥተዋታል፤ በእጅ ጀርባ ስትለካ እሳት ናት። ያለሽን ክሎሮኪን ይዞ ይመለስ፤ አታቆዪው።

እንዲሁም «ከነመድኃኒቱ ይባልልን» የሚለው የጓድ መርዳሳ አስተያየት ነው መባሉ ስህተት ስለሆነ፣ የጓድ ሰብስቤ አስተያየት ተብሎ እንዲታረም ራሳቸው ጓድ ሰብስቤ አዘዋል።