ሳይጨረስ የቀረው የአባዬ ሸክላ

ለምወድህ ወንድሜ ለደንከን፤

ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው የተሰበረ እግርህን ጤንነት ነው፤ የቀረው አካልህ ተራውን ይጠብቅ። ጀሶው ተፈታልህ? ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዘኛል ያልከውስ ተወህ? አሮሃ እንዴት ናት? አንተን የሚያህል ሰው እያነሣችና እያስቀመጠች ወገቧ እንዳይቀነጠስ ፍራ። ትንሿ ልጃችሁ ሚሪ ጥርስ አወጣች? በጎቹ ተሸለቱ? እዚያ ማዶ አሁን ሙቀቱ የሚገባበት ጊዜ ነው አይደል? እኛ ሁላችንም አለን። ደህና ነን ብዬ ብጽፍልህ ስለማታምነኝ አለን ብያለሁ። ቆመን እንሄዳለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ዝናቡን እንረግማለን።

ስልክ የደወልክ ዕለት ሁለታችንም ስንነፋረቅ ቆይተን ምንም ሳንባባል ዘጋነው። በኋላ የአባዬን ሙዚቃ እስከ መጨረሻው አጫወታችሁለት ወይ ብለህ በጽሑፍ ጠየቅኸኝ፤ እኔም መልስ ሳልሰጥህ ይኸው ሳምንታት አለፉ። ለሽኝቱ ሳልመጣ በመቅረቴ ሎርና ቂም ይዛብኛለች ብለህ እንዳትጠረጥር። ሰው በተሰበረ እግር ውቅያኖስ አይሻገርም፤ ሐኪሙ አትበርም ካለህ ምን ታደርግ? ዝም ያልኩህ ነገሩ በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነብኝ ነው። ዛሬ እሑድ ነው፤ ኮሊን ልጃችንን ፖፒን ይዞ ኳስ ሊያይ ወጥቷል፣ ቤቱ ጭር ብሏል። እንግዲህ ቁጭ ብዬ ከሥሩ ልንገርህ።

አባዬ ሊያርፍ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እማዬ ሻይ ልትገዛ ወደ ታች በወረደችበት አፍታ እጄን ያዘኝ። ድምፁ በዚያን ጊዜ እየተቆራረጠ ነበር የሚወጣው፤ ብረት ማቅለጫው ሳንባውን ምን እንዳደረገው ታውቃለህ። ስሸኝ ስብከትም መዝሙርም አልፈልግም፣ "ጭጋግ"ን ክፈቱልኝ አለኝ። "ሙሉውን። መሀል ላይ እንዳትቆርጡብኝ።" እኔም፣ አባዬ፣ የሸክላውን አንድ ፊት በሙሉ እኮ ነው የሚፈጀው፣ ሰዉ መቀመጫው ይደነዝዛል አልኩት። "ታዲያ እኔ የት ልደርስ ነው የምቸኩለው?" አለና ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነበት። ሳሉ ሲበርድለት ዓይን ዓይኔን እያየ ቃል ግቢልኝ አለኝ። ገባሁለት።

ያ ሙዚቃ ለእሱ ምን እንደነበረ ለአንተ አልነግርህም። "የማታ ፈረቃ" የሚባለው የሙዚቃ ባንድ አራቱ ልጆች በሕፃንነታችን ያላየናቸው አጎቶቻችን ይመስሉን ነበር። አባቶቻቸው ከአያታችን ጋር አንድ ምድጃ ፊት የቆሙ፣ እነሱ ደግሞ ጊታር አንግተው ከዚሁ ከሮዘረም ወጥተው ዓለምን የዞሩ። ዘፋኙ የሞተ ጊዜ አባዬ ለገዛ ወንድሙ ያላሰረውን ጥቁር ክራቫት አስሮ ሥራ ገባ። እኔ እውነቱን ልናገርና ያ ኦርጋናቸው እስከ ዛሬ ራሴን ያዞረኛል፤ የሱን ጆሮ የወረስከው አንተ ነህ። ሸክላው ዞሮ እስኪያልቅ ስልክ ቢጮህ አይነሣም፣ በር ቢንኳኳ አይከፈትም ነበር። መሀል ላይ ማቆም ለእሱ ሰው እየተናገረ ሳለ አፉን እንደ መያዝ ነበር።

አስከሬን የሚቃጠልበት ጸሎት ቤት ለአንድ ሟች የሚሰጠው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከኋላ ሌላው ተሰልፎ ይጠብቃል። "ጭጋግ" ብቻውን ያንን ሰዓት ሊጨርሰው ምንም አይቀረው። ሥርዓቱን የምትመራው ወይዘሮ ፓርጌተር እማዬ ቤት መጥታ ስንመካከር አልዊንም አብሮን ነበር። አልዊንን መቼም አትረሳውም፤ ያ ግዙፉ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የባንዱ አፍቃሪዎች የፈረቀኞቹ አለቃ። ራሳቸውን እስከ ዛሬ ፈረቀኞች ነው የሚሉት፣ ፈረቃ ከገቡ ዘመን ቢሆናቸውም። ወይዘሮዋ ነገሩን ስትሰማ ግራ ገብቷት፣ "ታዲያ እኔ መቼ ልናገር ነው?" አለች። አልዊንም "እርስዎ ምንም አይድከሙ እመቤቴ፤ ዊልፍ ዕድሜውን በሙሉ ሲናገር ኖሮ ጨርሶታል" አላት። አባዬ ካረፈ ወዲህ እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያኔ ነው። በመጨረሻ ስሙን ጠርታ፣ አንድ ሁለት ቃል ተናግራ ልትቀመጥ፣ ሲያልቅ ደግሞ ልታሰናብተን ተስማማን። ሙዚቃውን ለሚከፍተው ሰውዬም ተቀድቶ ተሰጠው። ሁሉንም አሰብን ብለን ነበር።

የሽኝቱ ዕለት ፈረቀኞቹ ከየአገሩ መጡ። ከኸል መጡ፣ ከዌልስ መጡ፤ ማክሲን የምትባል አንዲት ሴትዮ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዛ ከግላስጎ ደረሰች። ያ ጥቁር ጃኬታቸው ከእንግዲህ ቦርጫቸው ላይ አይቆለፍም። ፀጉራቸው ያው እንደ ድሮው ረዥም ነው፣ የቀረችው ማለቴ ነው። አንዱ በከዘራ፣ አንዱ በልጁ ትከሻ ተደግፎ ገባ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ለሥጋ ዘመድ እንኳ እንዲያ ሲለቀስ አላየሁም። እኔ በልጅነቴ የማፍርባቸው ሰዎች ነበሩ፤ የዚያን ቀን ግን እያንዳንዳቸውን አቅፌ ሳምኩ።

ሙዚቃው ተከፈተ። እማዬ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሣጥኑን ታያለች። አልዊን ከበሮውን በጣቱ ጉልበቱ ላይ ይመታል። ከዚያ ዝምታው መጣ። ያን ዝምታ ታውቀዋለህ፤ ከበሮው ሄዶ፣ ኦርጋኑ ሟሙቶ፣ አለቀ ስትል ገና የመጨረሻው ክፍል የሚቀረው። አንተንም አባዬ መጀመሪያ ሼፊልድ ሲጫወቱ ሊያሳይህ ሲወስድህ እዚያ ላይ አጨብጭበህ፣ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ "አዲስ ገቢ!" እያለ ስቆብህ፣ እያለቀስክ ነበር የመጣኸው። ፈረቀኛ እዚያ ላይ ትንፋሹን ይይዛል እንጂ አይንቀሳቀስም። እኛም ያዝን።

ለካ ለወይዘሮ ፓርጌተር ማንም አልነገራትም። ከመሀላችን አንድ ሰው እንኳ ያን ዝምታ የማያውቅ ፍጡር በምድር ላይ አለ ብሎ አላሰበም፤ ባሕር ጨው አለው ብሎ ለሰው የሚነግር ማን አለ? ሴትዮዋ ምን ታድርግ? ተነሥታ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ በዚሁ ዊልፍን እናሰናብታለን አለች። ሰውዬው ሙዚቃውን ዘጋና የመጋረጃውን አዝራር ተጫነ። መጋረጃው በሣጥኑ ዙሪያ ተሳበ፤ በሩ ተከፈተ፤ ብርድ ገባ።

ማንም ከቦታው አልተነሣም። አልዊን ብቻ ብድግ ብሎ "አላለቀም እኮ! እመቤቴ፣ አላለቀም!" አለ፤ ያ ጎርናናው ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ነበር። ወይዘሮዋ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ሰውዬው ሰዓቱን አየ። በር ላይ ቀጣዮቹ ሐዘንተኞች ቆመዋል፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለች አንዲት አሮጊት ዝናቡ ሻሿን አርሶት ፊቷ ላይ ይወርዳል። እኔ የገባሁት ቃል ትዝ ብሎኝ፣ መልሱት፣ ክፈቱት ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት፣ እማዬ ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች። "ተነሡ በሉ። ሰው ዝናብ ላይ አናቆምም" አለች። ተነሥተን ወጣን።

እንደ ደንቡ ወደ መጠጥ ቤቱ ሄድን። ሳንድዊቹም የአሳማ ሥጋ ፓዩም ተደርድሯል፤ ከኮሊን በቀር የነካው የለም። ኮሊንን ታውቀዋለህ፣ የዓለም መጨረሻ ቢመጣ ሳህን ይዞ ነው የሚጠብቀው። አልዊን ከመኪናው የአባዬን ማጫወቻና ሸክላ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና፣ "ካቆመበት እንቀጥልለታለን፤ ግማሽ መንገድ ላይ ጥለነው አናድርም" አለ። ሰዉ ሁሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ ዙሪያውን ከበበ። እኔም ቃሌ ዳነልኝ ብዬ እፎይ ልል ነበር። መርፌዋን አንሥቶ ቦታዋ ላይ ሊያሳርፋት ሲል እማዬ "ተው አልዊን" አለች።

"አይሪስ፣ የቀረችው እኮ ትንሽ ናት" አላት። "ትንሽ እንደሆነች አውቃለሁ። ለዚህ ነው ተው የምልህ" አለችው። የግላስጎዋ ማክሲን በደግ ልቧ ትከሻዋን እያሻሸች፣ እኅቴ፣ ሳይጨረስ መተው ነውር ነው፣ ዊልፍ ራሱ ይቆጣሻል አለቻት። ይህን ጊዜ እማዬ "ይቆጣኝ!" ብላ ጮኸች። "መጥቶ ይቆጣኝ!" ያን ያህል ድምፅ ያላት አይመስለኝም ነበር። ከዚያ ዝቅ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣ "ካለቀ አለቀ ነው። አሁን ግን ትንፋሹን የያዘ ነው የሚመስለኝ" አለች። አልዊን መርፌዋን ወደ ቦታዋ መለሰና ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። የቀረነው ደግሞ ቢራው እየሞቀ እስኪመሽ ተቀመጥን።

ከዚያ ወዲህ እማዬ በየምሽቱ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ ሸክላውን ከመጀመሪያው ትከፍተዋለች። ዝምታው ላይ ስትደርስ መርፌዋን ታነሣለች። እማዬ እኮ ናት ደንከን! ለዚያ ሙዚቃ ዕድሜ ልኳን ጆሮ ዳባ ልበስ ስትል የኖረችው፣ ይህን ጩኸት ዝጋልኝ እያለች አባዬን መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣችው። መርፌዋ የት ላይ መነሣት እንዳለባት ግን አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተችም። ስንት ዘመን ግድግዳውን ሲደበድብብን የኖረው ጎረቤታችን አቶ ኦዝጉድ ባለፈው ማክሰኞ በር ላይ ያዘኝና፣ "እናትሽን ምን ነካት? ለምን አታስጨርሰውም? መጨረሻውን ስጠብቅ እኮ እንቅልፍ አጣሁ" አለኝ። ልስቅ ብዬ ዕንባዬ መጣ።

ዓርብ ዕለት አላስችል አለኝና የሆነውን ሁሉ አወጣሁት። አባዬ እኔን ነው የለመነኝ፣ ሙሉውን ብሎ ነው የሞተው፣ በቃሌ እንድገኝ ፍቀጂልኝ አልኳት። ሳህኑን እያደራረቀች፣ "አንቺ ቃል የገባሽው ለሞተ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ገና አልሞተብኝም" አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ግን ተናደድኩም፤ አልዋሽህም። ሁለቱም ወላጆቼ ናቸው፤ አንዱን ላስደስት ስል ሌላውን መግፋት ሆነብኝ። "ታዲያ እስከ መቼ ነው?" ብዬ ጮህኩባት። ሳህኑን መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ፣ ደንከን ሲመጣ አለች። መርፌዋን እሱ ያሳርፋት፣ ያን ጊዜ ይለቅ አለች።

እንግዲህ ለጥያቄህ መልሱ ይኸው ነው ወንድሜ። አላጫወትንለትም። አባዬን መሀል ላይ ነው የሸኘነው። ይህን ስጽፍልህ ዕንባዬ ወረቀቱን እያበላሸው ነውና የፊደሌን መንሻፈፍ እለፈው።

ኮሊን ሰላም ብሎሃል፤ ለእግርህ የሚሆን ከዘራ ከእንጨት እየጠረበልህ ነው፣ ከመጠን በላይ ረዝሞበታል እንጂ። ፖፒ ለሚሪ የላከችው ቀይ ካልሲ ከደብዳቤው ጋር አለ። አልዊንና ፈረቀኞቹ በሙሉ እግዜር ያጽናህ ይሉሃል። አቶ ኦዝጉድ እንኳ ሰላም በይልኝ ብሏል። አሮሃን እቀፍልኝ፤ ለእናቷም ስለላከችልን የሐዘን ካርድ አመስግንልን። ሚሪን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ።

እማዬም ሰላምታዋን አቅርባልሃለች። ከሄድክ ጀምሮ ደብዳቤ በጻፍኩልህ ቁጥር መቼ ነው የሚመጣው በይው፣ ዓይኑን ሳላየው ልሞት ነው በይው ስትለኝ ኖራለች። ትናንት ልወጣ ስል ኮቴን እስከ አንገቴ ቆለፈችልኝና፣ "ለደንከን ስትጽፊ እግሩ በደንብ ይጠገንለት በይው" አለችኝ። "አይቸኩል።"

እኅትህ ሎርና

ሮዘረም፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2018